ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር

ጎበዝ! «አባዬ፣ አሁንስ አረፍ በል» እየተባላችሁ ከገዛ ሱቃችሁ በቀስታ የምትገፉ የኔ ቢጤዎችን ማለቴ ነው። ለእናንተ ካልተነፈስኩ ለማን ልተንፍስ?

መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ብዙም ሳይርቅ፣ የቤት ዕቃ ሱቅ አለኝ። ብረት ድስቱ፣ ፔርሙሱ፣ ሲኒው፣ ረከቦቱ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሱቁን ያስኬደው ይህ ራስ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ድስት መግዣ፣ የጅማው ነጋዴ በዱቤ የወሰደው ሲኒ ስንት ደርዘን እንደሆነ፣ መጋዘን ውስጥ ከየትኛው ካርቶን ሥር ምን እንዳለ፣ ሁሉም እዚህ ነበር። አይጥ አይበላው፣ ሌባ አይሰርቀው። እርግጥ ታይፎይድ ጥሎኝ ሦስት ሳምንት የተኛሁ ጊዜ ሱቁም አብሮኝ ሦስት ሳምንት ተኝቷል። ታዲያ ምን ይሁን? ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር። ስነሣ የዱቤው ግማሽ ከራሴ ወጥቶ ጠፋ፤ ያኔ ግን ሰው ጨዋ ነበር፣ ከባለዕዳዎቹ አንዱም መጥቶ አላስጨነቀኝም።

ያ ደግ ዘመን ቀረ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማኔጅመንት ተምራ መጣች። ከዚያም አንድ መጽሐፍ ታነብልኝ ጀመር፤ ማይክል ገርበር የተባለ አሜሪካዊ የጻፈው ነው። ውስጡ ፓይ የሚሉትን የፈረንጅ ጣፋጭ የምትጋግር ሴት አለች። እጇ ወርቅ ነው። ሱቅ ከፈተችና ስትጋግር፣ ስትሸጥ፣ ስትጠርግ፣ ሒሳብ ስትሠራ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ሰውየው ታዲያ ሥራው ውስጥ ገብተሽ ብቻ አትልፊ፣ ሥራውን ራሱን አበጂው ይላታል። ልጄ እዚህ ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ግን ሴትዮዋ ምን ሆና እንደምታማርር እስከዛሬ አልገባኝም። ሥራ የበዛለት ሰው አምላኩን ያመሰግናል እንጂ!

ከዚያ ደብተር ይዛ ሁለት ወር ተከተለችኝ። ዋጋ በምን ትቆርጣለህ? በዓይኔ። ዱቤ ለማን እንደምትሰጥ በምን ታውቃለህ? በጫማው። ዓይኔም ጫማውም ደብተሩ ላይ አልወጡም። የወጣው ሌላ ነው፦ መግዣው፣ ማጓጓዣው፣ ትርፉ፤ ለማን እስከ ስንት ብር ዱቤ እንደሚሰጥ፤ የድሮውን ያልከፈለ አዲስ እንደማይወስድ፤ ቁጥር 26 ድስት አሥራ ሁለት ሲቀር እንደሚታዘዝ። ማታ ጥሬው ለብቻ፣ የባንኩ ለብቻ፣ ያ በ2013 የመጣው ቴሌብር ለብቻ ይዘጋል። ገንዘብ ድሮ በምራቅ ነበር የሚቆጠረው፤ አሁን ቲንግ ይላል፣ አለቀ።

ዋናውን ጉድ መች ነገርኳችሁ! ሱቅ የሚጠብቅልኝ ልጅ አለ። ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ ሲቆም የአንዲት ማንኪያ መግዣ ነግሬው አላውቅም፤ ካወቀ ፊት ለፊቴ ሱቅ ይከፍታል ብዬ። (ከሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ ምንም ሳልነግራቸው ከፍተዋል።) ልጄ ደብተሩን እንዳለ አስረከበችው፣ ከትርፉም ድርሻ ቆረጠችለት። ሥራ አስኪያጅ ትለዋለች። እኔ በጅሮንድ እለዋለሁ፤ ቢያንስ ማዕረጉ ይከብዳል። ድሮ በቀን አርባ ጊዜ እየደወለ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ እፎይ አያሰኘኝም ነበር፤ አቤት እንዴት ያማርረኝ ነበር! ዛሬ በሳምንት አንዴ አይደውል፤ ምስጋና ቢስ። ጭራሽ በዚያው ደብተር ሁለተኛ ሱቅ አየር ጤና ተከፈተ፤ እኔ የተጠራሁት ሪባኑ ሲቆረጥ ነው።

ሕግም ትጠቅስብኛለች። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ይያዝ ብሎ ነበር አለችኝ። የጃንሆይ ዘመን ነገር ሁሉ ጥሩ ነበር ብዬ ስለምከራከር እዚህ ላይ ዝም አልኩ። የ2013ቱ አዲሱ ሕግ ደግሞ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል፣ ሱቁና አንተ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ ትለኛለች። አንድ ሰው ማኅበር! ጽዋውን ለማን ሊያቀብል ነው?

ሥርዓት ማየት ካማራት የኛን እድር አታይም? መሥራቾቹ ሁሉ አፈር ከቀመሱ ቆይተዋል፣ እድሩ ግን ዝንፍ አላለም። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ገንዘብ ያዡ ይቀበላል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዳኛው ይፈርማል፤ ሦስቱን አንድ ሰው አይሠራቸውም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሳይፈረም ጭልፋ አይወጣም። የቀረ ይቀጣል። ጡሩምባ ነፊው ሞት ሲነገረው ምን ላድርግ ብሎ ማንንም አይጠይቅም። ዳኛው እኔ ነኝ፤ እኔ ዛሬ ብሞት እንኳ በሰዓቱ ድንኳኔ ይተከላል። የአባቶች ጥበብ ይሏል ይህ ነው! ይህን ስነግራት ልጄ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልነገረችኝም፤ የዘንድሮ ልጅ እንዲሁ ይስቃል።

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ቢሾፍቱ፣ ሆራ ዳር ተቀምጬ ነው። ባለቤቴ ያለ ለቅሶ ከቤት ወጥተን ስናድር የመጀመሪያችን ነው እያለች ደስ ብሏታል። እኔ ምን ልሥራ? ውኃ ሲያዩት ይውላል? የሱቁን ሒሳብ የሚያሳይ ነገር ስልኬ ላይ ጭነውልኛል፤ እንዲህ ያለ ቅራቅንቦ አልወድም፣ አላየውምም፤ ጧት፣ ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላና ማታ ካልሆነ። ቅድም ስከፍተው ቁጥር 26 ድስት አሥራ አንድ ቀርቷል ይላል! አሥራ ሁለት ሲሆን ይታዘዝ ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ? ደሜ ፈልቶ ደወልኩ። በጅሮንዱ «ጋሼ፣ ትናንት ታዟል» አለኝና ስልኩን ዘጋው። ዘጋው ነው የምላችሁ! ደንበኛ ቆሞበት ነው አሉ።