ድጋፍን በወኪል ማጣት

የሴፍቲኔትን ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ማጣት የሚፈልግ የላስታ ብልባላ ሰው ብዙ መድከም የለበትም፤ «ቢሮ የሚያውቅ» ሰው ፈልጎ ጉዳዩን ከነካርዱ ያስረክብ። ነጭ ወረቀት ሲቀርብለትም ምን ሊጻፍበት እንደሆነ ሳይጠይቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም። ጣቱ ላይ ያለው ቀለም በማግስቱ ይለቃል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው አሻራ ግን በኋላ ከላዩ ለሚሰፍረው ቃል ሁሉ ፊርማ ይሆናል። ጠበቃ ያልሆነ ረዳት መያዝ በራሱ ጥፋት የለበትም። ለቀበሌ አቤቱታ የጥብቅና ፈቃድ አይጠየቅም፤ የእህት ልጅ ወይም ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ከባለፈቃዱ የተሻለ ሊረዳ ይችላል። ጉዳቱ የሚጀምረው እንዲናገርልን የላክነው ሰው እንዲያስብልንም ስንተወው ነው።

ሌላው የመክሰሪያ መንገድ በማመልከቻው ላይ የጉዳቱን ስም ብቻ አስጽፎ መመለስ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ላስታን በመሰለ እህል በየዓመቱ በሚያጥርበት ወረዳ ሁለት በር አለው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ይከፈለዋል፤ የሚሠራ ሰው የሌለው ቤት ደግሞ ሳይሠራ 12ቱንም ወር ይደገፋል። ስለዚህ ተደጋፊዎችን የሚመርጠው ኮሚቴ ዓይን ወይም እግር መጎዳቱን አይቶ አያበቃም፤ በዚያ ጣራ ሥር አካፋ የሚጨብጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ይመዝናል። «ዓይነ ስውር ነኝ» የሚል ማመልከቻ ልጅየው ጎጆ ወጥቶ ለብቻው እንደሚኖር ካልተናገረ፣ ያ ልጅ በመዝገቡ ላይ የአባቱ ቤት ጉልበት ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ዘመድ ያውቀዋል፤ ከተማ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ እንግዳ ግን ካልተነገረው ከየት ያመጣዋል?

«ለፍቶ የሄደ ሰው ቢከፈለው ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። ለመንገዱና ለዋለበት ቀን አስቀድሞ ተስማምቶ መክፈል ነውር የለውም። ነውሩ ከየወሩ ቀለብ ድርሻ መስጠት ነው። የፕሮግራሙ መለኪያ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ ረዳቱ ከአምስት አንዱን ከወሰደ በወር 3 ኪሎ፣ በዓመት 36 ኪሎ ይሄዳል። ይህ የአንድን ሰው የሁለት ወር ቀለብ ያልፋል፤ አንድ ማመልከቻ ለመጻፍ ይህን ያህል የሚያስከፍል ድካም የለም።

ስሙ ከዝርዝሩ ቀርቶ ሳለ ዝም ማለት የመጨረሻው ስህተት ነው። ኮሚቴውን መክሰስ ከጎረቤት መጣላት ነው ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው፤ በትንሽ ቀበሌ ፍርሃቱም ይገባል። ሆኖም የተመረጡት ስም በአደባባይ የሚገለጸው ቅር ያለው እንዲናገር ነው፤ ቅሬታ የሚሰማውም ከመራጮቹ የተለየ ኮሚቴ እንዲሆን የተደረገው ለዚሁ ነው። ረዳት እዚያ አብሮ ይቁም፤ ባለጉዳዩ ግን በራሱ አፍ ይናገር። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል ለመክሰስም ሆነ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ወኪሉን ያላመነ ደግሞ በፈለገ ጊዜ ሊሽረውና የውክልና ወረቀቱን መልስ ሊለው እንደሚችል የዚሁ ሕግ ቁጥር 2226 ይደነግጋል።