ሳምንቱን የሚገፋው ማን ነው?

ናይሮቢ ውስጥ ሰኞን ከዓርብ የሚያደርሰው ቅጠል ነው። ሱኩማ ዊኪ ይሉታል፤ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው። ኑሮን ሲገፋ ለኖረ አማርኛ ተናጋሪ ትርጉሙ ማብራሪያ አያሻውም። የአገሬው ሰው ኡጋሊ ከሚባለው የበቆሎ ገንፎ ጋር ይበላዋል፤ ኢስሊ ሰፈር የከተመ ሀበሻ ጎመን ብሎ እንጀራ ላይ ያወጣዋል። ዋናው ጥያቄ ግን አልተጠናም፦ ገፊው ማን ነው? ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ህብረ ሕዋሳት ናቸው።

የመጀመሪያው ፓረንካይማ ነው። ግድግዳው ስስ፣ ሆዱ ውኃ የሞላው ሕዋስ። የቅጠሉ ሥጋ እሱ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራውም እሱ ነው። አቋሙ ግን የውኃ ነውና ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ማማ ምቦጋ፣ የመንገድ ዳሯ አትክልት ሻጭ፣ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ውኃ ትረጭበታለች፤ ውኃው ሲሰርግ ሕዋሱ ይወጠራል፤ የትናንቱ ቅጠል ዛሬ እንደተቀጠፈ ቀና ይላል። ይኸው ሙከራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነጭ ጋወን ያስለብሳል።

ሁለተኛው ኮለንካይማ የቅጠሉ እጀታ ውስጥ፣ ከቆዳው ሥር ይገኛል። ሕያው ነው፤ ግድግዳው ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ወፍሯል፤ ሆኖም አልደነደነም። ስለዚህ ቅጠሉን ደግፎ ሳለ አብሮት ይለጠጣል። ሰው እየኖረበት ፎቅ የሚጨመርለት ሕንፃ ምሰሶው እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው ስክለረንካይማ ነው። ግድግዳው በሊግኒን ይጠጥራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋና አገልግሎቱን የሚሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። የጡረታ መብቱ እስካሁን አልተነሣም።

ለጥናቱ የሚመች ቤተ ሙከራ የናይሮቢው ኪቤራ ሰፈር አለ፦ እ.ኤ.አ. ከ2008 የምርጫ ግጭት በኋላ የእርዳታ ድርጅቶች ያስፋፉት የጆንያ እርሻ። አፈር በተሞላው ጆንያ ጎንና ጎን ቀዳዳ ተበጅቶ ችግኝ ይተከላል። የታችኛው ቅጠል ይቀጠፋል፤ ጫፉ አይነካም፤ እዚያ ያሉት ሕዋሳት እየተከፈሉ አዲስ ቅጠል ያወጣሉ። እኛ ዘንድ «የጎመን ምንቸት ውጣ» የሚባልበት ቀን አለ፤ እዚህ ምንቸቱ የሚወጣበት ቀን አልተገኘም። ግንዱ ግን እያደር ይራቆታል፣ እንጨት እንጨት ይላል። ጀርሲ በተባለችው ደሴት የዚሁ ዝርያ ዘመድ ከሰው ቁመት በላይ ያድግና ግንዱ ደርቆ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ምርኩዝ ሆኖ ይሸጣል። «ጎመን በጤና» ያለው ሰው ጎመን ተመርኩዞ መሄድን ያሰበ አይመስልም።

ምርመራው እዚህ ደርሶ ሳለ ማማ ምቦጋ ቅጠሎቹን ደራርባ፣ ጠቅልላ፣ እጀታውን አግድም እንደ ክር አድርጋ ትከትፈዋለች፤ ቃጫው አጭር ይሆናል፣ ጥርስ ውስጥም አይገባም። ማስረጃውም በዚያው ይቀላቀላል። ኬንያ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለችና ደንበኛዋ ኪዮንዶ የሚሉትን ዘንቢል ይዛ መጥታለች። ኪዮንዶው የተሠራው ከሲሳል ቃጫ ነው፤ የሲሳል ቃጫ ደግሞ ስክለረንካይማ ነው። ሟቹ ተጠርጣሪ ሌሎቹን ተሸክሞ ወደ ማታቱ፣ ወደ ሚኒባሱ ፌርማታ አመራ።