ሂሳብ የተለመደበት ቤት

ገርጂ የሚኖርን ሰው «የታሪክ ቤት አሳየኝ» ከሚል እንግዳ ያድነው። የሰፈራችን ሕንፃ አብዛኛው ከልጆቼ ያንሳል። የምንኮራበት ቢኖር ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከተማው ሁሉ ዕጣ መቁጠር ሳይጀምር፣ በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ የሙከራ ብሎኮቹ የቆሙት እዚሁ እኛ ጋ ነበር። ይህን ከደብረ ማርቆስ ለመጡት አክስቴ ደረቴን ነፍቼ ባስረዳቸው፣ የአራት ፎቁን ደረጃ ቁና ቁና እየተነፈሱ ሽቅብ አዩና «ሙከራው ታዲያ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

ዓርብ ዕለት ወደ ፒያሳ ይዣቸው ወጣሁ። ጎረቤቴም ተጨመረ፤ ማንም አልጨመረውም። መገናኛ ላይ ታክሲ ስንቀይር «የሦስታችንንም እኔ» ሲል እኔም «እኔ» ስል፣ ረዳቱ የሁለታችንንም ብር ተቀብሎ መልስ የሚባል ነገር ረሳ።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ከፈረሱ ወዲህ ፒያሳ ጥርሱን እንዳስነቀለ ዘመድ ሆኖብኛል፤ ፊቱን ለመለየት ትንሽ ቆም ማለት አለብኝ። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስንወርድ ግን እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በቦታው አለ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ገብቶበት ጃዝአምባ የሚባለውን የሙዚቃ ቤት ጨምሮ ከፊሉን በልቶታል፤ ሆቴሉ ግን እንደምንም ተርፎ ቆሟል። የእንጨት ደረጃው ሲረግጡት ሲጥ ይላል። አክስቴ በየእርከኑ ቆም እያሉ «ይቅርታ» ሊሉት ምንም አልቀራቸው።

ሰው እዚህ የሚመጣው እንጨቱንና ሰገነቱን ለማየት ነው። እኔን ካላችሁኝ ግን የዚህ ቤት ትልቁ ቅርስ ሂሳቡ ነው። በ1900 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት ምግብ መሸጥ ነውር ነበር። እንግዳ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል፤ አለቀ። እቴጌይቱ አልጋ አንጥፈው፣ ጠረጴዛ ዘርግተው ዋጋ ተመኑበት። ሲነገር እንደኖረው መኳንንቱ በሩን አንረግጥም አሉ። ምኒልክ ናቸው አሉ፣ ይዘዋቸው ገብተው፣ አብልተው፣ ከኪሳቸው ከፍለው ያስለመዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ መኳንንቱም በተራ መጋበዝ ጀመሩ ይባላል። የሚስቱን ወጥ በልቶ ሂሳብ በመክፈሉ የተመሰገነ ባል ከእሳቸው ሌላ አላውቅም።

ይህን እያወራሁ ቡፌው ዘንድ ደረስን። የጾም ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሁሉም በየድስቱ።

«እየከፈልን እኛው እናንሳ?» አሉ አክስቴ። ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ከፊታቸው የተሰለፈውን ፈረንጅ ሰሃን ገልመጥ አድርገው «ምን በላህ ይባላል?» ብለው አንድ ጭልፋ ሽሮ ጨመሩለት። አመሰገነ። ጎመንም ጨመሩለት። ከኋላችን ያሉትም ሰሃናቸውን ወደ እሳቸው ማስጠጋት ሲጀምሩ በግድ ጎትተን አስቀመጥናቸው።

ሂሳቡ መጣ። ጎረቤቴ ከአስተናጋጇ እጅ ሳይወርድ ነጠቀው። ክንዱን ያዝኩ።

«በሞቴ!»

«አንተ ሙት!»

«ባትተወው ተጣላን!»

ልብ ብላችሁ ከሆነ በዚህ ትግል ያሸነፈ ሰው ፊት ላይ ደስታ አይታይም። ትግሉ የግድ ነው፤ ቶሎ የለቀቀ ቋጣሪ ይባላል፣ ከልቡ የታገለ ደግሞ ይከፍላል። ሁሉም የሚመኘው በክብር መሸነፍን ነው። አያቶቻችን ላለመክፈል ከበር የተመለሱበት ቤት ውስጥ፣ እኛ «እኔ ነኝ የምከፍል» ስንባባል የጎረቤቴ የሸሚዝ ቁልፍ ተበጥሶ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ለካ አክስቴ መቀነታቸውን ፈትተው ከፍለው መልሱን እየቆጠሩ ነው።

«ምን ያንዘላዝላችኋል? ዛሬ ምኒልክ እኔ ነኝ» አሉ። «እንግዲህ እንደ መኳንንቱ ተራ ትገባላችሁ። የፊታችን ዓርብ የአንተ ነው» ብለው ወደ ጎረቤቴ ጠቆሙ።

ጎረቤቴ ቁልፉን ፍለጋ እንዳጎነበሰ፣ ዓርብ እንኳ ለቅሶ እንዳለበት ነገረን።

«ውይ! ማን ሞተብህ?» አሉ አክስቴ ደንግጠው።

ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ትንሽ አሰበ።