ሁለተኛው ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ያሉት አባቶች ሁለቱንም ባላ ከአንድ ግንድ ቁረጥ አላሉም። ምስጥ ዘመድ ያውቃል፤ አንዱን ከበላ ወንድሙን አይተወውም። እኛ የአንበሳሜ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ግን ለመጠባበቂያ የምንይዘው ሌላ ዲጂታል ካሜራ ነው። መብራት ሐሙስ ማታ ከጠፋ፣ እሑድ ለሚደገሰው ሠርግ ሁለቱም ጦማቸውን ያድራሉ። የጥር ሠርግ ደግሞ ለባትሪ አይራራም። የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ጎተራ ከገባ በኋላ ልጁን የማይድር የለም፤ አንዱን ሙሽራ ወረታ አድርሰህ ስትመለስ ሌላው ሐሙሲት ላይ ይጠብቅሃል።

ስለዚህ መጠባበቂያ ካሜራ ዋናው በሚሞትበት በሽታ የማይሞት መሆን አለበት። ይህ ማለት ፎከሱ በእጅ የሚዞር፣ ሹተሩም ያለ ባትሪ የሚሠራ የፊልም ካሜራ ነው።

የፊልም ካሜራ ሁሉ ግን ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ-1 መልኩ ያማልላል፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ሹተሩ ንቅንቅ አይልም። በዚያው ዓመት ወጥቶ እስከ 1997 የተመረተው ፔንታክስ ኬ1000 ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የመጣው ኒኮን ኤፍኤም2 ያለ ባትሪ እስከ 1/4000 ሰከንድ ይፈጥናል። ዋጋውን የነገረኝ ሰው ግን የፎገራ ላም ከነጥጃዋ የሚሸጥልኝ መስሎኝ ነበር።

የኔ ምርጫ ዜኒት-ኢ ሆነ። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ የተሠራ ብረት ነው። የብርሃን መለኪያው በሴሊኒየም ስለሚሠራ ባትሪ ማስገቢያ እንኳ የለውም። ከሌንሱ ጋር አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ማታ ከሠርግ ስትመለስ ውሻ ቢመጣብህም ያገለግላል። ጉድለቱ በመመልከቻው የሚታየው ፊልሙ ላይ ከሚያርፈው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ሙሽሮቹን ብቻ አነሣሁ ስትል፣ ፊልሙ ሲታጠብ ዳር ላይ ያልተጠራ ጎረቤት ጠላ እየጠጣ ብቅ ይላል።

«ፈረሰኛ ሲጋልብ ፎከሱን በእጅ እንዴት ታደርሰዋለህ?» ይሉኛል። ምን አሯሯጠኝ? ባለ 400 ፊልም፣ አፐርቸር 16፣ ፍጥነት 1/500፣ ርቀት 5 ሜትር አድርጌ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። በጥር ፀሐይ ከ3 እስከ 15 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። የሚሮጠው ፈረሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

የሚከብዱት የሙሽራው አክስት ናቸው።

«እስቲ አሳየኝ፣ አምሮብኛል?»

«ፊልም ነው እማማ፤ ገና አልታጠበም።»

«ለሠርግ ያልታጠበ ይዞ ይመጣል እንዴ!»

ደግሞም 36 ፎቶ ብቻ ነው፤ አጎትየው ኮት በቀየሩ ቁጥር መተኮስ የለም። ጥቁርና ነጩን ፊልም ራሴ አጥበዋለሁ። መብራት መጥፋቱ የሚያስደስተኝም ያኔ ብቻ ነው፤ ፊልሙ ከካርትሪጁ ወጥቶ ማጠቢያው ውስጥ የሚገባው በድቅድቅ ጨለማ ነውና። ኔጋቲቩን ደግሞ ማንም በስሕተት ደምስስ የሚለውን አይጫንበትም። ሽመልስ ደስታ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 በቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሣው በፊልም ነው፤ ዙፋኑ ወደቀ፣ ፎቶው አለ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ዋናውን ካሜራህን እንደ ፍላጎትህ ምረጥ። መጠባበቂያውን ስትገዛ ግን ሻጩ ፊት ባትሪውን አውጣና ሹተሩን ተጫን። ጠቅ ካለ ክፈል፤ ዝም ካለ ለባለቤቱ መልስለት።