ተቀባዩ ተኝቷል፦ ስለ ሕፃናት የበዓል ስጦታ የቀረበ የመነሻ ጥናት

ይህ ጥናት ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በበዓል ቀን ምን ይዞ መሄድ ይበጃል የሚለውን ጥያቄ ይመረምራል። ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሲገቡበት ግን አያስወጣም። ችግሩ የሚጀምረው ከተቀባዩ ነው። ተቀባዩ አይናገርም፣ አያመሰግንም፣ ስጦታው ሲገባ ብዙውን ጊዜ ተኝቷል። ነቅቶ ከተገኘም ዓይኑ የሚያርፈው ስጦታው ላይ ሳይሆን በመጣበት ፌስታል ላይ ነው። ስለዚህ ለአዋቂ ስጦታ የምንጠቀምበት «ደስ አለው ወይስ አስመሰለ?» የሚለው መለኪያ እዚህ አይሠራም። ሕፃን ማስመሰል ገና አልለመደም።

የጥናቱ ቦታ አዲስ አበባ፣ ጊዜው ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ሁለት ሳምንት የማይሞላ ወቅት ነው። ወቅቱ የተመረጠው ጠያቂ ስለሚበዛበትና የሌሊቱ ቁር ለአንዳንድ ስጦታዎች በቂ ሰበብ ስለሚሆን ነው። ግኝቱ ለእንቁጣጣሽም፣ ለፋሲካም፣ ለኢድም ያገለግላል፤ ወደፊት እንደምናየው ብርድ ልብስ ሃይማኖት አይለይም።

በመስኩ ቀዳሚው ሰነድ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ነው። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ እንዳቀረቡ ወንጌላዊው አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጽፏል። ሕፃኑ ስጦታዎቹን ሲያይ ምን እንደሆነ ግን አልጻፈም። ይህ ዝምታ ለጥናታችን መሠረት ነው። የሕፃንን ስጦታ የሚቀበለውም፣ የሚመዝነውም፣ የሚያስቀምጠውም ትልቅ ሰው መሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጠቃሚ ሥራ ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ያሳተመው ድርሳን ነው። ሞስ በስጦታ ውስጥ ሦስት ግዴታዎች አሉ ይላል፤ መስጠት፣ መቀበልና ብድር መመለስ። ስለ ፖሊኔዥያና ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ብዙ ያገላበጠ ሰው ነበር። አራስ ባለበት የአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ግን ተቀምጦ አያውቅም። ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አራተኛው ግዴታ ባላመለጠው። እሱም ማልበስ ነው።

አራተኛው ግዴታ እንዲህ ይሠራል። ባለፈው ሹራብ ያመጣችው ሴት ድጋሚ ልትጠይቅ ስትመጣ አያት ድምጿን ከግቢው በር ይለዩታል። ሕፃኑ ከእንቅልፉ ይነሣል። የለበሰው ይወልቅና ሹራቡ ይጠለቅለታል። እጅጌው ከረዘመ ይጠቀለላል፤ አንገቱ አልገባ ካለ ሹራቡ ትከሻው ላይ ጣል ይደረግና ፊት ለፊቱ በነጠላ ይሸፈናል። ሰጪዋ ገብታ «ውይ፣ ልክ ሆነው!» ትላለች። ልክ አልሆነውም። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ «እንቅልፉ ነው» ይባላል። እንቅልፉስ እንቅልፉ ነው፤ የተቀሰቀሰው ማን ሆነና።

ግዴታውን የሚያስፈጽመው የአያት መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ተጽፎ አያውቅም፤ ጠፍቶም አያውቅም። ማን ምን እንዳመጣ፣ ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት ተነሥቶ ነበር ወይስ ሆነ ተብሎ ተትቷል፣ ሰጪዋ ራሷ ስትወልድ ከዚህ ቤት ምን እንደተወሰደላት፣ ሁሉም በውስጡ አለ። የልጁ እናት መዝገቡን ማየት አይፈቀድላትም፤ የሚነበብላት ስትሳሳት ብቻ ነው።

ሹራቡ ልክ ያልሆነበት ምክንያት የሕፃኑ እንጂ የሰጪዋ ጥፋት እንዳልሆነ መጠቆም ፍትሐዊ ይሆናል። ሕፃን ሲወለድ በአማካይ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ክብደቱ በአምስት ወር አካባቢ እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደንበኛ በየትኛውም ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ሰጪዎች ይህን ለመቋቋም በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ለዛሬ ልክ ይገዛል፤ ልብሱ ለገና ይደርሳል፣ ለጥምቀት ይጠብባል። ሁለተኛው ወገን «ያድግበታል» ባይ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ኮት ይገዛል፤ ኮቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ዕቃ ሲፈለግ ይገኛል። «ውይ፣ ይሄ ኮት!» ይባላል። የሁለቱ ወገኖች ውጤት አንድ መሆኑ በመካከላቸው ያለውን ክርክር አላበረደውም።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ እንምጣ። በዓል ደርሶ አራስ ልጠይቅ ያለ ሰው መርካቶ ሲገባ እግሩ በራሱ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ብርድ ልብሱ ዚፕና ማንጠልጠያ ባለው የላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ ይሸጣል፤ ከፊቱ ነብር የተሣለበት ካርቶን አለ። ነብር ለምን ለሕፃን እንደተመረጠ አጥኚው ሊደርስበት አልቻለም። የዕቃው ዋና ጠባይ ግን ሙቀቱ አይደለም፤ አለመከፈቱ ነው። ዚፑ እስካልተከፈተ ድረስ ብርድ ልብሱ ስጦታ ነው፤ ከተከፈተ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ፖላንዳዊው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ከኒው ጊኒ ምሥራቅ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ስለሚደረግ ኩላ የተባለ ልውውጥ ጽፏል። ሰዎቹ በታንኳ ባሕር እያቋረጡ የዛጎል ጌጥ ይሰጣጣሉ። የአንገቱ ጌጥ በአንድ አቅጣጫ፣ የክንዱ አምባር በተቃራኒው ደሴት ለደሴት ይዞራል። ማንም ለሁልጊዜ አያስቀረውም፤ ክብሩ በእጅ አድርጎ ማሳለፉ ላይ ነው። ማሊኖቭስኪ ይህን ለማየት ያን ያህል መሄድ አልነበረበትም። ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ ከመርካቶ ወደ ጀሞ፣ ከጀሞ ወደ ሲኤምሲ፣ ከሲኤምሲ ወደ ሰሚት ይዞራል፤ ታንኳው ሚኒባስ ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ አንድም ሕፃን አላሞቀም። ሥርዓቱ ያለበት አደጋ አንድ ብቻ ነው፤ ብርድ ልብሱ ዞሮ ወደ መጀመሪያዋ ሰጪ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው። ሴትዮዋ ነብሩን ታውቀዋለች፤ በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ «ምነው ተቸገርሽ!» ትላለች።

የቀሩትን የስጦታ ዓይነቶች ቶሎ ቶሎ ማለፍ ይቻላል። በባትሪ የሚዘፍን መጫወቻ ሁልጊዜ የሚመጣው በዚያ ቤት ከማያድር ሰው ነው፤ ባትሪው እንግዳው ከወጣ በኋላ በአባት እጅ ይወልቃል፤ «ተበላሸ» ይባላል። ሕፃኑን የሚያህል የጨርቅ ድብ ሶፋ ላይ ይቀመጥና የእንግዳ ቦታ ይይዛል። ሕፃኑ አጠገብ ማስተኛት ሐኪሞች ስለማይመክሩ ከሶፋው ሌላ መሄጃ የለውም። ማር ክብር ያለው ስጦታ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጣት እንኳ አይቀመስም፣ ስለዚህ በጠያቂዎች ይበላል። ሕፃን ውስጡ ቆሞ የሚንሸራተትበት ባለ ጎማው ዋከር በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መሸጥ የተከለከለ ነው፤ እኛ ዘንድ «ቶሎ እንዲሄድ» ተብሎ ይገዛል። የት እንዲሄድ እንደታሰበ የተጠየቀ የለም።

ብር መስጠትን የሚደግፉ አሉ። ኖቱ በሕፃኑ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሕፃኑ ጭብጥ ያደርገዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ «አወቀ እኮ!» ይባላል። መዳፉ ላይ ያረፈውን ሁሉ መጨበጥ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው ደመ ነፍስ ነው፤ እስከ አምስት ስድስት ወር ይቆያል፤ ጣትም ቢሆን፣ የቁልፍ ማንጠልጠያም ቢሆን እንደዚያው ይጨብጣል። ይሁን እንጂ ብሩ ወደ አፉ ከመድረሱ በፊት እናቱ ትወስደዋለች፤ ያ ገንዘብም ለተባለለት ጉዳይ የሚውል ብቸኛው ስጦታ ሳይሆን አይቀርም። ጉድለቱ ሰጪው ሲመለስ ልጁን ሊያለብሱት አለመቻላቸው ነው።

ጥያቄውን ባለቤቶቹን ራሳቸውን በመጠየቅ ለመፍታት የተደረገው ሙከራ አልተሳካም። ከቨርጂኒያ ለገና የምትመጣ አክስት ከጉዞዋ በፊት የደወለችው ስልክ ለናሙና ያህል ይቀርባል።

«ለልጁ ምን ላምጣለት?»

«ኧረ ምንም! አንቺ ብቻ በሰላም ነይልን።»

«እንደሱማ አይሆንም፣ ንገሪኝ እንጂ።»

«ምንም አያስፈልገውም ስልሽ፤ ሁሉም አለው።»

ይህ መልስ ሲሰጥ ቤት ውስጥ የቀረው ዳይፐር ሁለት ነበር። በዚሁ ጊዜ አያት ስልኩን ተቀብለው «ለእኔ የጉልበት ቅባቷን እንዳትረሺ» ብለዋል። በጥናቱ ውስጥ ግልጽ መልስ የሰጡት ተሳታፊ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አክስት 23 ኪሎ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱላታል። ዳይፐር ቀላል ቢሆንም ቦታ ይፈጃል፤ ሻንጣ ሲከፈት ደግሞ ያሳፍራል፤ «ከአሜሪካ ድረስ ዳይፐር?» መባል አለ። ስለዚህ ጫማ ታመጣለች። ሕፃን በአብዛኛው መራመድ የሚጀምረው ዓመት ሲሞላው አካባቢ ነው፤ ይህኛው አራት ወሩ ነው። እግሩ መሬት ነክቶ ለማያውቅ ሰው የስፖርት ጫማ ይደረግለታል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው በቴሌግራም ወደ ቨርጂኒያ ይላካል። ጫማው ከዚያ በኋላ በሶሉ ንጽሕና እየተደነቀ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ሕግ ማውጣት ይቻላል። ለሕፃን የሚጠቅም ነገር ያልቃል፤ ያለቀ ነገር አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ስጦታ ተብሎ አይቆጠርም። ዳይፐር በሰዓታት፣ ሳሙና በሳምንታት ያልቃል። የሰጪዋ ስም አብሮ ይታጠባል። ድቡ ግን አያልቅም። አጥኚው በበኩሉ በዚህ መስክ ካየው ሁሉ የላቀውን ስጦታ ያመጣው ማንም አልነበረም፤ አያት ዓመታት ሲለብሱት የኖሩትን ነጠላ ቀዳድደው የሽንት ጨርቅ አድርገውታል። ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ ጨርቅ ለሕፃን ቆዳ የሚስማማውን ያህል ከሱቅ የወጣ አዲስ ጨርቅ አይስማማም። በመዝገቡ ግን አልገባም፤ አያት ለራሳቸው አይመዘግቡም።

ስለዚህ የሚከተለው ዘዴ ቀርቧል። ሰጪው ዳይፐር ይግዛ፤ ቁጥሩም ሕፃኑ ዛሬ ከሚያደርገው በአንድ ከፍ ያለ ይሁን። ቀጥሎ ባዶ የብርድ ልብስ ቦርሳ ይፈለግ፤ ዳይፐሩ በውስጡ ይደርደር፤ ነብሩ በፊት ለፊት ይቁም፤ ዚፑ ይዘጋ። እንዲህ ከሆነ ጥቅሙም ክብሩም በአንድ ዕቃ ይገኛሉ።

ዘዴው በሙከራ ላይ ሲውል አንድ እንከን ታይቶበታል። የቤቱ ሰዎች ቦርሳውን ሳይከፍቱ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ካስቀመጡት በኋላ፣ በጥምቀት ማግስት ሰሚት የወለደች ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ይዘውት ሄደዋል።