ተራሮችን ወደ ቢሮ ለማውረድ የወጣ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ። በደጋም ያለህ፣ በቆላም ያለህ፣ ከደንገጎ ዳገት በላይም ሆነ በታች የምትኖር ሁሉ ጆሮህን ስጥ።

ባቡር ተራራ አልወጣም ብሎ በመቅረቱ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ስለተወለደች፤ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ይገባል ሲባል መሐንዲሶቹ ገደሉን ሽቅብ አይተው፣ ወጪውን ቁልቁል ደምረው፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ስለቆሙና ቦታውን “አዲስ ሐረር” ብለው ስለተጽናኑ፤ የሐዲዱን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ የተራራ አገር ልጅ፣ ስዊዘርላንዳዊ ሆኖ ሳለ፣ ያገሩ ሰዎች ዩንግፍራው ላይ በ1904 ዓ.ም. ባቡራቸውን 3,454 ሜትር ድረስ ሲያወጡ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ሐረር ግን የባቡር ፉጨት ሳትሰማ ስለቀረች፤ ከ114 ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው በግርጌው ስላለፈ፤ ባቡር ያልደፈረውን ዳገት መዝገብ ቤት ይውጣው ማለት ግፍ ሆኖ ስለተገኘ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የተራሮች የቁልቁለት አዋጅ ቁጥር 416 ተኩል” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሙሉውን 416 የድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር በ1996 ዓ.ም. ወስዶታል። ከዚያ በፊት የነበረው ነገር ለተራሮቹ ትምህርት ይሆናል፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎቹን አንድ በአንድ ሲጠራ፣ ለአዲስ አበባም የራሷን አንቀጽ ሲሰጥ፣ ድሬዳዋን ስሟን ሳያነሳ አልፏታል። ከተማዋ ቻርተር እስክታገኝ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች። ከተማዋ ይህን ያህል ከጠበቀች፣ መንገድ ይሠራልኝ ያለ የተራራ ገበሬ ስንት ዓመት መጠበቅ እንዳለበት ስሌቱ ለሂሳብ ክፍል ተመርቷል።

አንቀጽ 2፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አስተዳደሩ የከተማ ነው፤ መሬቱ ግን አብዛኛው ገጠር፣ ያውም ወጣ ገባ። ዘጠኝ የከተማ ቀበሌዎች ሜዳው ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ 38ቱ የገጠር ቀበሌዎች ዋሂል፣ ቢዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ በሚባሉ ክላስተሮች ተመድበው በሸንተረሩና በሸለቆው ተበትነዋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከተመዘገቡት 341,834 ነዋሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ የገጠር ሰው ነበር። ዝቅተኛው ቦታ 950 ሜትር፣ ከፍተኛው 2,260 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱን አንዱ ሰነድ 1,213፣ ሌላው 1,288፣ ሦስተኛው 1,558 ካሬ ኪሎ ሜትር ይለዋል። ተራሮች ከሰነድ ሰነድ እየሰፉና እየጠበቡ ባለሙያ ማሳሳታቸውን ከዛሬ ጀምሮ እንዲያቆሙ ታዘዋል።

አንቀጽ 3፦ የመውረድ ግዴታ

ማንኛውም ተራራ ጉዳይ ካለው ማመልከቻውን ይዞ በአካል ይቀርባል። “እንዴት አድርጌ?” የሚል ተራራ ቢኖር ከወንድሞቹ ይማር። የኖራ ድንጋይ የሆነው ወንድሙ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚሁ ከተተከለ ወዲህ፣ በኩንታል እየሆነ ያለ ምንም ማንገራገር ሲወርድ ኖሯል። እንጨቱ በሴቶች ጀርባ፣ ወተቱ በእጃቸው ተይዞ ቀፊራ ገበያ ይደርሳል። የተራራው ሰው ለመውረድ ውሎ አበል ጠይቆ አያውቅም።

ከሁሉ የሚደነቀው ጫት ነው። ከአወዳይና ከዙሪያው ደጋ የተቀነጠሰው በዚያው ቀን ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ይገባል፤ ከፊሉም ጅቡቲ ይሻገራል። የትናንት ጫት ገዢ ስለሌለው በርጫው ሳይጀመር ከተፍ ማለት አለበት፤ አይሱዙውም ፍሬን እንዳለው የሚያስታውሰው ኩርባ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ በዚያው ዳገት ሽቅብ የሚሄድ ደብዳቤ ለምን እንደ ጫቱ አይፈጥንም የሚል ጠያቂ ቢመጣ፣ ደብዳቤ ቢቆይም እንደማይጠወልግ ይነገረው።

አንቀጽ 4፦ የሥራ ቋንቋ

ቻርተሩ የሥራ ቋንቋውን አማርኛ አድርጓል፤ የተራራው ነዋሪ የሚጣራው ደግሞ በኦሮምኛና በሶማልኛ ነው። ስለሆነም የገደል ማሚቶዎች በየትኛውም ቋንቋ ቢጠሩ በአማርኛ፣ ያውም በሦስት ኮፒ እንዲመልሱ ተወስኗል።

አንቀጽ 5

ይህን አንቀጽ የጫነችው የመስክ መኪና ደንገጎ ላይ ስለቆመች አልደረሰም።

አንቀጽ 6፦ መታወቂያ ያላሳደሱ ነዋሪዎች

ከከተማው በስተደቡብ ከገደሉ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ቴያር ደ ሻርደን የተባለው ፈረንሳዊ ቄስና አንሪ ደ ሞንፍሬ የተባለው ጀብደኛ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1929 አገኙት። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የኖሩ ሰዎች ትተውት ከሄዱት ዕቃ መካከል ለቀለም የሚሆን ቀይና ቢጫ አፈር 4,213 ቁራጭ ተቆጥሯል፤ ሲመዘን 40 ኪሎ ነው። ይህን ያህል ቀለም ይዘው አንድ ማኅተም አለማስቀረጻቸው ከባድ የአሠራር ክፍተት ሆኖ ተመዝግቧል። በለገ ኦዳ አለት ላይ ከብት የሳሉት ተከታዮቻቸው የባሱ ናቸው፦ የእንስሳት ቆጠራውን ሠርተው ጨርሰው ሳይፈርሙበት ሄደዋል።

አንቀጽ 7፦ ስለ ጀልዴሳ

ባቡር ሳይመጣ የቅፍለት ነጋዴ ከዘይላ ተነስቶ ሐረር ለመውጣት ጀልዴሳ ያርፍ፣ ቀረጡንም እዚያው ይከፍል ነበር። ድሬዳዋ ገና ከተማ ያልተቆረቆረባት ሜዳ ሳለች ጀልዴሳ የኬላ ሹም ነበራት ማለት ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ ንግዱ ጥሏት ሄደ። ዛሬ የገጠር ቀበሌ ናት። አዋጁ በዚህ ላይ የሚለው የለውም፤ ቢሮ ባለጉዳይ እንደሚሆን፣ ባለጉዳይም ቢሮ እንደነበረ ማስታወስ ለሠራተኛ ሞራል አይመከርም።

አንቀጽ 8፦ ስለ ውሃ

እዚህ ላይ የአዋጁ አርቃቂ ቀልዱን ትንሽ ማቆም ግድ ሆኖበታል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ የሚወርደው ግን ላይ፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ጀምሮ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሰው ተኝቶ ሳለ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ግንቡ ግን ያለው ታች ነው። ውሃው የሚሰርግበት ወይም የሚንደረደርበት የሚወሰነው ላይ ነው፤ እርከኑ በተጠበቀበት ወይም ዛፉ በተመነጠረበት ተዳፋት። ከተማዋ የምትጠጣው የሳቢያን ጉድጓድ ውሃም የሚጠራቀመው እነዚሁ ተራሮች ካሰረጉት ዝናብ ነው።

ደጋው በሌላ ክልል፣ ጎርፉ በዚህ አስተዳደር ስለሆነ ዝናብ ወሰን ከመሻገሩ በፊት የትብብር ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠበቃል።

አንቀጽ 9፦ ቅጣት

ዳገት መውጣት እንደሚቻል በተግባር በማሳየት ይህን አዋጅ የሚያፈርሱ አሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዋነኞቹ ናቸው። የክትባት ሣጥን አንግተው፣ ጫማቸውን ጠጠር እየበላው ከቤት ቤት ይዞራሉ። የግብርና ልማት ሠራተኞችም በዚሁ ጥፋት ተገኝተዋል። ሁሉም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይድረሳቸው። ደብዳቤውን ወደ ላይ የሚያደርስ ሌላ ሰው ስለሌለ ራሳቸው ይዘውት ይውጡ።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

በዘጠኙ የከተማ ቀበሌዎች ከዛሬ ጀምሮ ይጸናል። ለ38ቱ ደግሞ የተራራው ሰው እንጨቱንና ወተቱን ይዞ በወረደበት ጠዋት ቀፊራ ላይ ይነበብለታል፤ ሰምቶም ይዞት ይውጣ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ቲተሩ ብቻ ተመትቷል።

ግልባጭ፦
ለደንገጎ ዳገት
ለደቻቱ ሸለቆ (ክረምቱ ሳይገባ)
ለጀልዴሳ ግመሎች
ባሉበት