ነቅነቅ

ከቶሮንቶ ቦሌ የገባ ሐበሻ ካሜራውን ከሻንጣ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሌንሱን እንደ ሱቅ እንቁላል ጆሮው ሥር አስጠግቶ ነቅነቅ። ቋ ቋ ካለ «አለቀለት!» ይባላል። አላለቀለትም። እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስል እንዳይደበዝዝ ተብሎ የተሠራ ሌንስ በሆዱ የሚንሳፈፍ ብርጭቆ አለው፤ ካሜራው ሲጠፋ የሚይዘው ስለማይኖር ብዙ ጊዜ ይንኳኳል። ቀጥሎ እፍ ተብሎ በሸሚዝ ጫፍ መወልወል ይመጣል። ከፊት ያለች ቀጭን ጭረት ፎቶ ላይ እምብዛም አትታይም፤ ውስጥ የገባ ብናኝም እንደዚያው። ሸሚዙ ላይ ያለው አሸዋ ግን አዲስ ጭረት ያወጣል። ከእንቁላል ሙያ የሚረባው ወደ ብርሃን ማየቱ ብቻ ነው፤ በአንዱ በኩል የስልክ መብራት አብርቶ በሌላው ሲታይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከተገኘ ሻጋታ ነው። እሱም ቢሆን የመንገድ ሳይሆን የቁም ሣጥን ጥፋት ነው።

የመንገድ ጥፋት ሌላ ነው። ሌንሱ ሲጋጭ ከብርጭቆዎቹ አንዱ ከመስመሩ ፈቀቅ ይላል፤ ይህን ዓይንም ጆሮም አያገኘውም። የሚያገኘው የጡብ ግድግዳ ነው፤ እሱ ደግሞ በቶሮንቶው ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ሞልቷል። ካሜራውን ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ (አፐርቸሩን) እስከ መጨረሻው መክፈት፣ ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች ማወዳደር። በሦስቱ ማዕዘን በጡብና በጡብ መካከል ያለው የሲሚንቶ መስመር ጥርት ብሎ በአራተኛው ከቀለጠ ካሜራውን ገልብጦ መድገም ነው፤ ድብዝዝታው ከምስሉ ማዕዘን ካልለቀቀ ጥፋቱ የሌንሱ ነው። ይህ ግን ከመሄድ በፊት ካልተደረገ ዋጋ የለውም። የቀድሞው ፎቶ በሌለበት ሌንሱ በመንገድ ይጎዳ፣ ከፋብሪካው እንዲሁ ይውጣ ማን ይፈርዳል? «ጊዜ የለም» ለሚል ደግሞ ጎዳናው ራሱ መልስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መቆፈር ጀምሮ በ2020 ይከፈታል የተባለው ባቡር ቀኑ ሲያልፍበት ሠፈሩ ቆሞ መጠበቅን ተምሯል። ሊትል ጃማይካ የሚባለውም እዚሁ ነው፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ያየ ሐበሻ፣ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1966 ጃማይካ፣ ኪንግስተን መውረዳቸውን አስታውሶ ፎቶ ማንሣቱ አይቀርም። ሲያነሣ ፈንጠር ብሎ ባዶውን ግድግዳም ቢጨምር ምን ነበረበት?

«ዘመኑ የስልክ ነው» ይባል ይሆናል። ስልክም አያመልጥም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 የትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። «ታዲያ ሌንሱን በእጅ ሻንጣ መያዝ ነዋ!» የሚለው ተቃውሞ ግን ልክ ነው፤ ልክነቱም ነው የሚያናድደው። የእጅ ሻንጣ የባለቤቱ ሆኖ ያውቃል? የጉዞው ወሬ ከተሰማበት ቀን ጀምሮ «ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም» ይመጣል። ትንሿ ዕቃ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ የቫይታሚን ጠርሙስና በፕላስተር ሰባት ዙር የታሸገ፣ ምንነቱ የማይጠየቅ ጥቅል ናት። ብጠይቅ ይከፋቸዋል! የሰው ጫማ ከመንገደኛው ራስ በላይ ተከብሮ ሲጓዝ፣ የደሞዝ ቅሪት ተጠራቅሞ የተገዛ ሌንስ በካልሲ ተጠቅልሎ ከ23 ኪሎ ሻንጣ ጋር ይወረወራል። ይህን ይሉኝታ እያሉ ማቆላመጥ ይብቃ፤ ድፍረት ነው፣ የላኪው ድፍረት።

በእርግጥ ጫማውን ቦሌ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ እናት አሉ፤ እሳቸው ፊት ስለ ሌንስ ማዕዘን ማውራት አይቻልም። በመልስ ጉዞ ደግሞ የእሳቸው በርበሬ ይመጣል፤ ሦስት ላስቲክ ቢደረብበትም ካልሲው ድረስ ይዘልቃል። ከካልሲው ጋቢ ይሻል ይሆን? ጋቢ ይሻላል፤ ወፍራም ነው፣ ይለሰልሳል። ግን ጋቢውም የሰው አደራ ከሆነ…